የቀረው ታክስ ማን ኪስ ገባ? የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ላላችሁ

«ታክሱን አንስተውልናል አይደል? ታዲያ ምነው ይሄን ያህል ተወደደ?»

መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። አስመጪው ዕቃውን ከሞጆ ወይም ከቃሊቲ ጉምሩክ ሲያስወጣ ወረቀቱን የምንጨርስለት እኛ ነን። ስለዚህ የታክስ ቅናሹ የት ቦታ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚሰጥ በየቀኑ አያለሁ። ገዢው ግን አያየውም። ሾውሩም ገብቶ የሚያየው አንድ ድፍን ዋጋ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አገር መንግሥት መኪና ለገዛ ሰው ብር አይመልስም። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ይደባልቀዋል። እዚያ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው፣ መስፈርቱን ካሟላ፣ ከፌዴራል ግብሩ ላይ እስከ 7,500 ዶላር ይቀነስለት ነበር። እሱም በእነሱ አቆጣጠር መስከረም 30 ቀን 2025 ቆሟል። የእኛው ሌላ ነው። የእኛ ድጎማ መንግሥት ሊወስደው ሲችል የተወው ታክስ ነው። የሚተወው ደግሞ ጉምሩክ ላይ ነው፣ ለአስመጪው። ከአስመጪው ወደ እናንተ የሚሻገረው በዋጋ ድርድር ብቻ ነው። ማመልከቻ የለም፣ ፎርም የለም፣ ወረፋም የለም። ድርድር ላይ ባዶ እጁን የሚገባ ሰው ደግሞ የተባለውን ከፍሎ ይወጣል።

ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል። ለዚህች መኪና ጉምሩክ ላይ ስንት እንደተከፈለ አውቃችሁ መደራደር።

ስሌቱ

በፈረንጆቹ 2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው ውሳኔ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ከሚጣለው)፣ ከቫትና ከሱር ታክስ (ከላይ ከሚታከለው ተጨማሪ ታክስ) ነፃ ተደረገ። የቀረው የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ። ከዚያ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም አሉ። ገበያው በአንዴ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ።

ነፃ መሆኑ ስንት ብር ያወጣል? ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ታክስ እርስ በርሱ እየተደራረበ ነው የሚሰላው። መነሻው የመኪናው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ድምር ነው። እኛ ሲአይኤፍ እንለዋለን። ለስሌት እንዲቀል ሲአይኤፉ 1,000,000 ብር ነው እንበል።

የነዳጅ መኪና ቢሆን፣ ሞተሩም ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ የሆነ አዲስ ቢሆን፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 60 በመቶ ኤክሳይዝ ጥሎበታል። ለማነጻጸር ብቻ ቀረጡን እንደ ኤሌክትሪኩ 15 በመቶ እናድርገው፣ የነዳጁ ከዚያ በላይ ቢሆንም። ቀረጥ 150,000 ይሆናል። ኤክሳይዙ ሚሊዮኑ ላይ ብቻ አይደለም የሚሰላው፣ ቀረጡ ከተደመረበት በኋላ 1,150,000 ላይ ነው። 690,000 ወጣ። አሁን 1,840,000 ሆነ። በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ 276,000። ጠቅላላው 2,116,000። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 211,600። መጨረሻው 2,327,600 ብር ነው። አንድ ሚሊዮን የወጣበት መኪና ጉምሩክን ሲሻገር ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩ በዚያ ውሳኔ? 1,150,000። አለቀ።

ልዩነቱ 1,177,600 ብር ነው። ድጎማው ማለት ይሄ ነው። ማንም በፖስታ አድርጎ አይሰጣችሁም፣ ግን አለ። ጥቃቅን ክፍያዎች ይጨመራሉ፣ የወደብ፣ የመጋዘን፣ የትራንስፖርትና የእኛ የትራንዚተሮች። እነሱ ግን ከዚህ ቁጥር አጠገብ ሲቀመጡ ጉዳይ አይሆኑም።

እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። ሻጩ ወጪ ሲቆጥርላችሁ «ዊዝሆልዲንግም ከፍያለሁ» ሊላችሁ ይችላል። ዊዝሆልዲንግ የአስመጪው የራሱ የትርፍ ግብር ቅድመ ክፍያ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ከግብሩ ላይ ይታሰብለታል። የመኪናው ዋጋ አካል አይደለም፣ እናንተም ልትሸከሙት አይገባም።

ከነፃው ጎራ የትኛዋ መኪና ናት?

«ኤሌክትሪክ ነው» የተባለ ሁሉ ኤሌክትሪክ አይደለም። ቻይኖቹ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት መኪና ይሠራሉ። ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስን ውሰዱ። ሙሉ ኤሌክትሪኩም ሶንግ ፕላስ ነው፣ የነዳጅ ጋን ያለው ዲኤም-አይም ሶንግ ፕላስ ነው። ፎቶ ላይ መለየት ያስቸግራል። ጉምሩክ ግን በመልክ አይለይም፣ በኮድ ነው። በባትሪ ብቻ የሚሄድ አውቶሞቢል የታሪፍ ቁጥሩ 8703.80 ነው። ሃይብሪዶቹ፣ ሶኬት የሚሰካባቸውም ጭምር፣ ከ8703.40 እስከ 8703.70 ባለው ውስጥ ነው የሚወድቁት። 8703.80 ያልሆነ መኪና «የኤሌክትሪክ ቅናሽ አግኝቷል» ብላችሁ አትደራደሩበት። «ቤንዚንም ይወስዳል፣ በሁለቱም ትጠቀማለህ» የምትል ደላላ ካገኛችሁ ያንን እንደ ጉርሻ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ውሰዱት።

የሻንሲ ቁጥሩንም እዩ። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ነው። ከፊት መስተዋቱ ሥር በሹፌሩ በኩል ታገኙታላችሁ። ቻይና የተሠራ መኪና በላቲኑ ኤል ይጀምራል። አሥረኛው ላይ ያለው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ፒ ከሆነ 2023፣ አር ከሆነ 2024፣ ኤስ ከሆነ 2025። «ዜሮ ዜሮ፣ አዲስ» ተብሎ የቀረበ መኪና አሥረኛው ላይ ፒ ካለ ወደብና ግቢ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው። ቆሞ የከረመ ባትሪ ደግሞ ዋጋ ላይ መነሳት ያለበት ነገር ነው። ይሄን ፊደል እያዩ በጣታቸው የሚቆጥሩ ገዢዎችን ሳይ ደስ ይለኛል። ሻጩም ወዲያው አነጋገሩን ያስተካክላል።

ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ

ከወረቀቶቹ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ዲክላራሲዮን ማለት ዕቃው ጉምሩክ ላይ የተመዘገበበት ሰነድ ነው። መኪናዋ ሰሌዳ እንድታወጣ ራሱ ይሄ ሰነድ መኖር አለበት። ስለዚህ «የለም» ወይም «ጠፍቶብናል» የሚል መልስ አይሠራም። «አሁን በእጃችን የለም፣ ትራንዚተሩ ጋ ነው» ካሏችሁ ደግሞ ጥሩ፣ ኮፒውን በቴሌግራም ያስልኩላችሁ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ራሴ ስንቴ ልኬያለሁ።

ሲደርሳችሁ እንዲህ አንብቡት። መጀመሪያ የአስመጪውን ስም እዩ። ከሚሸጥላችሁ ሰው ወይም ድርጅት ጋር አንድ ነው? ካልሆነ በመካከል ውክልና ወይም የሽያጭ ውል መኖር አለበት፣ እሱን ጠይቁ። ቀጥሎ የታሪፍ ቁጥሩን፣ ከላይ እንዳልነው። ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በመጨረሻ ታክሱ የተዘረዘረበት ጋ ውረዱ። እያንዳንዱ መስመር የታክሱን ዓይነት፣ የተሰላበትን መነሻ፣ መቶኛውንና የተከፈለውን ብር ያሳያል። የኤክሳይዝ መስመር አለ? ቫትስ? ሱር ታክስስ? ከሌሉ ወይም ዜሮ ከሆኑ፣ አስመጪው ሙሉውን ቅናሽ አግኝቷል ማለት ነው። ካሉ ደግሞ ምን ያህል እንደከፈለ ቁጥሩ ፊት ለፊታችሁ አለ።

አንድ ነገር እንዳያደናግራችሁ። መነሻ ሆኖ የተጻፈው ዋጋ ሻጩ ቻይና ከከፈለው ሊለይ ይችላል። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው። የቀረበው ኢንቮይስ ዝቅ ያለ ከመሰለው ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ በዚህ ወረቀት የሻጩን ትርፍ እስከ ሳንቲሙ አሰላለሁ አትበሉ። የምታገኙት ጠቃሚ ነገር የተከፈለውን ታክስ ነው። ያ ደግሞ ይበቃል። «ቀረጡ ከበደን» ብሎ የጀመረ ሻጭ፣ የተከፈለው 15 በመቶ ብቻ መሆኑን ቁጭ ብላችሁ ስታሳዩት ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

እውነተኛ ምክንያትም አለው፣ እሱንም ልንገራችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት መቶን አለፈ። ቀረጥ የሚሰላው በብር ተመንዝሮ ነው። መቶኛው ያው 15 ሆኖ ሳለ የሚከፈለው ብር በዚያው ልክ አበጠ። ስለዚህ «ታክሱ ቀርቶ ዋጋው ለምን ናረ» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ምንዛሪው ነው። ሌላው ግማሽ ድርድር ነው።

የትኛው ቀን ነው የሚቆጠረው?

መንገድ ላይ ያለ መኪና ለምትገዙ ሰዎች ይሄ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋችኋል። ሥራ ላይ የሚውለው መቶኛና የምንዛሪ ተመን ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ቀን ያለው ነው። ቀብድ የከፈላችሁበት ቀን አይደለም። መኪናው ከቻይና የተነሳበትም፣ ጅቡቲ የደረሰበትም ቀን አይደለም። እነዚህ ነገሮች ደግሞ በደብዳቤ ይቀየራሉ። ጀርመን አገር የኤሌክትሪክ መኪና ድጎማውን ታኅሣሥ 2023 ያቆመው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። ቅዳሜ ተነገረ፣ ከእሁድ በኋላ ማመልከቻ መቀበል ቀረ። መኪናቸውን አዘው የሚጠብቁ ሰዎች እጃቸውን አጨብጭበው ቀሩ። የእኛም አገር ውሳኔ ከዚያ የተሻለ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ብሎ መወራረድ አይመከርም። ስለዚህ ስትዋዋሉ ከላይ ያስቀመጥኳቸው መቶኛዎች በዚያ ሳምንት እንደጸኑ መሆናቸውን ከጉምሩክ ወይም ከሚያውቅ ትራንዚተር አረጋግጡ። የማንንም ቲክቶክ አትመኑ።

የአክስቴ ልጅ «ጅቡቲ ገብቷል፣ በሁለት ሳምንት እጅህ ነው» ተብሎ ቀብድ ከፈለ። መኪናው ጅቡቲ ቀርቶ ገና ቻይና አልተጫነም ነበር። እስኪደርስ ምንዛሪው ተንቀሳቀሰ። ሻጩ ጭማሪ ጠየቀ። ውሉ ላይ ስለ ጭማሪ ምንም አልተጻፈም። ያን ጊዜ ደውሎልኝ ምን ላድርግ ሲለኝ ብዙም የምለው አልነበረኝም። ብዙ ከተነታረኩ በኋላ ተከፋፍለው ከፈሉ።

መንገድ ላይ ነው ለተባለ መኪና ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ጠይቁ። የመርከቡ የጭነት ሰነድ ነው። የእናንተ ሻንሲ ቁጥር በሱ ላይ ወይም አብሮት ባለው የጭነት ዝርዝር ላይ ካለ መኪናው ተጭኗል። ከሌለ አልተጫነም። ክርክር የለውም።

ውሉ ላይ ደግሞ ይቺን ዓረፍተ ነገር አስገቡ። እንዳለች ልትገለብጧት ትችላላችሁ። «ተሽከርካሪው ከጉምሩክ ከመውጣቱ በፊት በቀረጥ፣ በታክስ ወይም በምንዛሪ ተመን ላይ ጭማሪ ቢኖር ሻጭ ይሸፍናል፤ የታክስ ቅናሽ ቢኖር ለገዢ ይታሰባል።» ሻጩ ሙሉውን እሺ ላይል ይችላል። ቢያንስ ምንዛሪውን ለሁለት፣ ታክሱን ለሱ አድርጋችሁ ተስማሙ። ጭራሽ አልፈርምም ካለ ግን አደጋውን ማን ላይ ሊጭነው እንዳሰበ ነገራችሁ ማለት ነው። ዋጋው ላይም «ከነቀረጡ፣ ከነሰሌዳው» ተብሎ ይጻፍ።

የምትሰጡት የመጀመሪያ ገንዘብ ውሉ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይግባ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። «ቅድሚያ ክፍያ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ይሄን እጥፍ መጠየቅ ያከራክራችኋል። በባንክ ወይም በሲፒኦ ክፈሉ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

በርካሽ የቀረበላችሁ መኪና

ከገበያው በጣም ወረድ ያለ ዋጋ ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «በቀረጥ ነፃ የገባ ነው ወይ?» ብላችሁ ነው። ይሄ ለሁሉም ከተሰጠው የኤሌክትሪክ ቅናሽ ጋር አይገናኝም። ለዲፕሎማት፣ ለባለሀብት፣ ለፕሮጀክት በልዩ መብት የገባ መኪና ማለት ነው። መብቱ የባለቤቱ እንጂ የመኪናው አይደለም። ጉምሩክ ሳይፈቅድና የሚከፈለው ሳይከፈል መብት ለሌለው ሰው አይተላለፍም። በውክልና ብቻ ብትይዙትም ስሙን ማዞር አትችሉም። ሻጩ «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስም ማዞሩን ቀስ ብለን» ካለ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ደረሰኝም እንዲሁ ነው። ሙሉ ዋጋውን ከፍላችሁ ግማሹን የሚያሳይ ደረሰኝ ከተሰጣችሁ፣ ነገ መኪናውን ስትሸጡ ወይም ኢንሹራንስ ስትጠይቁ መረጃችሁ ያ ግማሽ ነው።

እዚህ አገር የተገጣጠሙትንም ጠይቁ። የኃይሌ ገብረ ሥላሴው ማራቶን ሞተር ሃዩንዳይ አዮኒክን እዚህ አዲስ አበባ መገጣጠም ከጀመረ ቆይቷል። ተበታትኖ የመጣ ቀረጡ ዜሮ ስለሆነ ለድርድር ያላችሁ ቦታ ከ15ቱ ይሰፋል። መለዋወጫና ዋስትና መኖሩም ራሱን የቻለ ገንዘብ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከተማውን ያጥለቀለቀው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ መኪና ነው። የፋብሪካው ዋስትና እዚህ ድረስ ተከትሎት አይመጣም። መኪናውን መጥፎ አያደርገውም፣ ዋጋውን ግን ያወርደዋል። እሱንም አንሱት።

ያዳናችሁትን ብር የሚበላው

ከቻይና ገበያ የመጡት የሚቻረጁት በጂቢ/ቲ ሶኬት ነው። የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 አይገባባቸውም። ሻጩ ቻርጀሩን አብሮ ይሰጣል ወይ? ስንት ኪሎዋት ነው? የቤት 7 ኪሎዋት ቻርጀር ከ220 ቮልት ላይ 32 አምፒር ይስባል። ቆጣሪያችሁና ከምሰሶው የመጣው ገመድ ይሄን ይችላል ወይ የሚለውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያይላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ከኮሚቴው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት የወረደ ገመድ አይቻለሁ፣ ሲዘንብም ያው ተንጠልጥሎ ነበር። ቤት መቻረጅ የማይሆንላችሁ ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ መንገድ ላይ የተከለው ጣቢያ አለ፣ ክፍያው በቴሌብር ነው። ግን ለየቀኑ ኑሮ እሱ ላይ ብቻ ተደግፎ መኪና መግዛት ያደክማል።

ሁሉም ተስማምቶ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ውሉን ስታጸድቁ የዲክላራሲዮኑን ኮፒ፣ ደረሰኙን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉንና ውሉን በአንድ ፋይል ያዙ። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይም አስቀምጡት። ሊብሬው ሲሰጣችሁ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡት። ሻንሲው ከመኪናው ጋር አንድ ይሁን። የነዳጅ ዓይነት የሚለው ቦታ «ኤሌክትሪክ» ይበል። «ቤንዚን» ተብሎ በስህተት የተጻፈ አጋጥሞኛል፣ በኋላ ለማስተካከል የሚያስኬደው ብዙ ነው። መስኮቱ ጋ ሳላችሁ ግን አንድ ፊርማ ነው።